ከእሳቱ በፊት፦ የባርባቴ ሰዎች ቱናን እንዴት እንደሚበልቱትና እንደሚበሉት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ሳምንቱን ሙሉ በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ ማድ ቤት ቆማችሁ ከርማችሁ፣ ባለቻችሁ አንድ የእረፍት ቀን ደግሞ ስለ ምግብ ለመስማት መምጣታችሁ ይገርመኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ይሯሯጡ፣ አትቆጧቸው፤ ቢላዎቹ ያሉበት ጠረጴዛ ጋ ብቻ እንዳይደርሱ።

ስለ ስፔን የባሕር ዳር ምግብ እንዳወራ ስትጋብዙኝ ብዙዎቻችሁ ፓኤያ ጠብቃችሁ ይሆናል። ፓኤያ የቫሌንሲያ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ ወደ ደቡብ እንውረድ። አንዳሉሲያ፣ ካዲዝ አውራጃ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ባርባቴ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ ወደ 22 ሺህ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1938 ድረስ ኮረብታው ላይ ባለችው በቬኸር ሥር ነበረች፤ ራሷን የቻለችው በዚያ ዓመት ነው። ምሥራቋ ታሪፋ፣ ምዕራቧ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1805 የባሕር ጦርነት የተደረገበት የትራፋልጋር ርእሰ ምድር ነው። ኑሮዋ ግን የቆመው በአንድ ዓሳ ላይ ነው። በቱና።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ዓሳው እንዴት እንደሚያዝና እንደሚሞት። ሁለተኛ፣ እንዴት ብልቱ እንደሚወጣ። ሦስተኛ፣ ጨውና ሽንኩርት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን። የምግብ አሠራሩ ለምን መጨረሻ ላይ መጣ? የባርባቴ ምግብ ከእሳቱ በፊት አብዛኛው አልቆ ስለሚያድር ነው። ምድጃው ላይ ደርሶ የሚበላሽ ቱና ብዙ ጊዜ ከምድጃው በፊት የተበላሸ ነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ከእሳቱ በፊት።

እሺ፤ አንደኛው።

ዓሳውን እንወቀው። ስፔኖች ከሥጋው ተነሥተው «አቱን ሮኾ» ይሉታል፣ ቀይ ቱና ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከክንፉ ተነሥቶ ብሉፊን ይለዋል። በቆርቆሮ ታሽጎ ከምታውቁት ቱና ጋር አታምታቱት፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዝርያ ነው። ባርባቴ ላይ የሚወጣው አንዱ ዓሳ 200 ኪሎ ቢመዝን ማንም ዞሮ አያየውም። እስከ ዛሬ በመንጠቆ ከተያዙት ትልቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የተያዘው፣ 679 ኪሎ ነበር። ሁለት ደህና ሰንጋ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ደሙ ሞቃት ነው። አብዛኛው ዓሳ እንደ ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ቱና ግን ጡንቻው ውስጥ ያለውን ሙቀት መልሶ የሚይዝበት የደም ሥር መረብ አለው። ሰውነቱ ከባሕሩ በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። ይህ ነገር ማድ ቤት ድረስ ተከትሎን ይመጣል፤ እመለስበታለሁ።

ቱና ክረምቱን ሰሜን አትላንቲክ ሲበላ ይከርምና በጸደይ፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ሜዲትራኒያን ይገባል። የሚገባበት በር አንድ ነው፤ የጂብራልታር ወሽመጥ። በጠበበበት ቦታ 14 ኪሎ ሜትር። ሲገባ ስቡን ጠግቦ ነው። በጁላይና በኦገስት ሲመለስ ደግሞ ከስቶ ነው። ታዲያ የትኛውን ትይዛላችሁ? የባርባቴ ሰው ይህን ጥያቄ ከፊንቄያውያን ዘመን ጀምሮ መልሶታል፤ የሚገባውን። ስለዚህ የከተማዋ የምግብ ዓመት የሚከፈተው በሜይ ነው።

አያያዙ አልማድራባ ይባላል። ቃሉ ከአንዳሉስ ዐረብኛ የመጣ ነው፤ መምቻ ቦታ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ዳርቻ አራት አልማድራባዎች አሉ፤ ኮኒል፣ ባርባቴ፣ ዛሃራና ታሪፋ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከባሕሩ ወለል ጀምሮ እስከ ውኃው ፊት የሚደርስ የመረብ ግድግዳ በመልህቅና በሰንሰለት ይቆማል። መረቡ አያሳድድም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ቱናው በዳርቻው በኩል ሲያልፍ ግድግዳው ይገጥመዋል፣ ወደ ጥልቁ ልሽሽ ሲል ግድግዳው ራሱ እየመራ ወደ ክፍሎቹ ያስገባዋል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያለ የመጨረሻው ክፍል ኮፖ ይባላል። ኮፖ ከሌሎቹ የሚለየው ወለል ያለው መሆኑ ነው። ጀልባዎቹ ዙሪያውን ይቆሙና ያንን ወለል ወደ ላይ ይስቡታል። ይህ ሌቫንታ ነው፣ ማንሣት። መሪው አራዬዝ ይባላል፤ ከዐረብኛው «ራኢስ» የመጣ ነው። «ራስ» እና «ርእስ» የምንላቸው የእኛ ቃሎች ዘመዶቹ ናቸው።

የመረቡ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ትንንሹ ዓሳ ያልፋል። ይህ ዝርያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ለጥፋቱ ትልቁን ድርሻ የያዙት ግን እነዚህ የቆሙ መረቦች አይደሉም። በየባሕሩ እያሳደዱ የሚያፍሱት መርከቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኮታው፣ ማለትም በዓመት የሚያዘው ዓሳ ገደብ፣ ጠበቅ አለ፣ ዓሳውም ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከአደጋ ዝርዝሩ አውጥቶ ብዙም የማያሰጉት ዝርያዎች ውስጥ አስገባው። ኮታው ዛሬም አለ። ለእናንተ ለምን ነገርኳችሁ? በኮታ የተያዘ ዓሳ የጉዞ ወረቀት አለው። ስትገዙ ወረቀቱን ጠይቁ።

አሁን ወደ ሞቱ። ድሮ ዓሳው ኮፖ ውስጥ ሲንፈራገጥ ሰዎች በመንጠቆ እየወጉ ወደ ጀልባ ይጎትቱት ነበር። ባሕሩ በደም ይቀላል፣ ዓሳው እስኪደክም ይታገላል። ለተመልካች ትርዒት ነው፤ ለሥጋው ግን መጥፎ ነው። ምክንያቱን ቅድም ተናግሬአለሁ፤ ደሙ ሞቃት ነው። ሲታገል ሰውነቱ የባሰ ይሞቃል፣ ጡንቻው ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። ያ ዓሳ ሲቆረጥ ሥጋው ገርጥቶ፣ እንደ ተቀቀለ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ እየተፈረከሰ ታገኙታላችሁ። አፍ ውስጥ ይጎመዝዛል። ማንም ሼፍ በማንም ሶስ አያድነውም። ዛሬ ጠላቂዎች ውኃ ውስጥ ገብተው የተመረጠውን ዓሳ ጭንቅላቱ ላይ በአንድ ምት ይገድሉታል፤ ወዲያው ደሙ ይፈስሳል፣ ከዚያ በረዶና የባሕር ውኃ የተቀላቀለበት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ውኃ የሌለበት በረዶ ላይ ማስቀመጥ ለምን አይበቃም? በረዶው የሚነካው የተወሰነ ቦታ ብቻ ስለሆነ፤ ውኃው ግን ዙሪያውን ያቅፈዋል። 200 ኪሎ ሞቃት ሥጋ ውስጡ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል።

ቅዝቃዜው ሲጓደል የሚመጣው ሂስታሚን ነው። ቱና ሥጋው ውስጥ ሂስቲዲን የሚባል ነገር በብዛት አለው፤ ዓሳው ሲሞቅ ባክቴሪያው ይህንን ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል። የበላው ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያሳክከዋል። ልብ በሉ፤ ሂስታሚን በእሳት አይጠፋም። በማቀዝቀዝም አይጠፋም። አንዴ ከተፈጠረ ተፈጠረ። «ደህና አድርጌ አበስለዋለሁ» የሚለው መድኃኒት እዚህ አይሠራም። ቱና በማድ ቤታችሁ ከ4 ዲግሪ በላይ አይዋል፣ አይደር። ጠረጴዛ ላይ «በረዶው ይልቀቅ» ብሎ ጠዋት አስቀምጦ ማታ መሥራት የለም።

ሁለተኛው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እናንተም የምትወዱት ይመስለኛል።

ብልት ማውጣት ለማን ይነገራል? በሬ ሲታረድ ሽንጡ፣ ጭቅናው፣ ታላቁ፣ ታናሹ፣ ጎድኑ፣ ፍሪምባው፣ ሻኛው እያልን የየራሱን ስም፣ የየራሱን ቢላ፣ የየራሱን ተመጋቢ የምንሰጥ ሕዝቦች ነን። ዓሳ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም «ዓሳ» ነው፤ ጭንቅላቱ ይጣላል፣ የቀረው ይጠበሳል። ባርባቴ ላይ ቱና በሬ ነው። ከ20 በላይ ስም ያለው ብልት ያወጡለታል።

ሥራው ሮንኬዮ ይባላል። ማንኮራፋት እንደማለት ነው። ረጅሙ ቢላ በአከርካሪው አጥንት ላይ ተንሸራቶ ሲያልፍ ከየአንጓው እየተጋጨ የሚያወጣው ድምፅ ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰው ይመስላል። ድምፁ ደግሞ ለጆሮ ብቻ አይደለም፤ ቢላው የሚያንኮራፋ ከሆነ አጥንቱን ይዞ እየሄደ ነው። ዝም ካለ ሥጋ ውስጥ ገብቷል፤ አጥንቱ ላይ ገንዘብ እየቀረ ነው።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ዓሳው በጎኑ ይተኛል። መጀመሪያ የጭንቅላቱ ሥራ ነው። ከጭንቅላቱ አናት ላይ ሁለት ሞላላ ቁራጭ ይወጣል፣ ግራና ቀኝ። ሞሪዮ ይባላል። በስፔንኛ ሞሪዮ የኮርማ ማጅራት ላይ ያለው ያበጠ ሥጋ ስም ነው፤ ስሙን ከበሬው ወስደው ለዓሳው ሰጡት። ሻኛ ብላችሁ ብትተረጉሙት ማንም አይከስሳችሁም፤ ስቡ ሥጋው ውስጥ ክር ክር እያለ የገባ ነው። ከ200 ኪሎ ዓሳ የምታገኙት እነዚያን ሁለቱን ብቻ ነው፤ ዋጋውን ከዚያ ገምቱ። ከሞሪዮው ኋላ፣ ወደ ማጅራቱ፣ ሞርሞና ኮንትራሞርሞ አሉ፤ ጅማታቸው የበዛ ነው። ከዚያ ጉንጩ። ከአንገቱ በታች፣ ክንፉ የተተከለበት አጥንት ዙሪያ ያለው ፓርፓታና ነው።

ጭንቅላቱ ካለቀ ሆዱ ይወጣል፤ ቬንትሬስካ። ከሁሉም ስብ የሚበዛበት እሱ ነው። ሆዱን ተከትሎ ወደ ጅራቱ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አለ፤ ታራንቴሎ፣ መካከለኛ ስብ። ከዚያ ረጅሙ ቢላ ይመጣና ጀርባው በሁለት፣ የታችኛው በሁለት፣ አራት ሽንጥ ይሆናል። ከአከርካሪው ውስጥ በኩል የተለጠፈው ጭቅና ነው፤ ሶሎሚዮ ይሉታል፣ የበሬውንም ጭቅና በዚያው ስም ነው የሚጠሩት። የጅራቱ ሥጋ ቀይ ነው፣ ስብ የለውም። በመጨረሻ አከርካሪው ላይ የቀረው በማንኪያ ይፋቃል፤ ለክትፎ የሚሆን ሥጋ ነው። አዎ፣ ክትፎ አልኩ፤ እነሱ ታርታር ይሉታል። ልቡ፣ እንቁላሉ፣ ጨጓራው ሁሉም ይበላል። ልምድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይህን ሁሉ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል።

ለምን ይህን ሁሉ ስም ዘረዘርኩ? ማድ ቤት ውስጥ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ከዚህ ስለሚመጣ ነው፤ የአንዱን ብልት ለሌላው ሥራ ማዋል። የጅራት ሥጋ ብረት ምጣድ ላይ ጥላችሁ ግራና ቀኝ አራት አራት ደቂቃ ብታቆዩት ደረቅ እንጨት ነው። ኮንትራሞርሞን እንደ ስቴክ ብትጠብሱት ጎማ ነው። በአንጻሩ ጉንጩን ሁለት ሰዓት በቀስታ ብትቀቅሉት ጅማቱ ቀልጦ መረቁ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትቀምሱት የበሬ ሥጋ ነው ትላላችሁ።

ስለዚህ፦ ሞሪዮና ቬንትሬስካ፣ በጣም የጋለ ብረት ምጣድ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ዘይት የለም፣ በየጎኑ አንድ ደቂቃ፣ ደረቅ ጨው ከወጣ በኋላ። ጨዉን ቀድማችሁ ከነሰነሳችሁ ውኃውን ያወጣና ምጣዱ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የራሱ ስብ ይበቃዋል፤ ዘይት ከጨመራችሁ ጭስ ነው ትርፉ። የጅራትና የጀርባ ሥጋ ለወጥ። ጅማት ያለው ሁሉ ለረጅም ቀስታ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሁሉ አቱን ሮኾ እንዳይመስላችሁ። ቢጫ ክንፍ ያለውን ዝርያ በቀይ ሥር ጭማቂና በሌላም ነገር አቅልመው እንደ ብሉፊን የሚሸጡ አሉ። እውነተኛው ሥጋ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ከብልት ብልት፣ ከቦታ ቦታ ቀለሙ ይለያያል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ እንደ ከረሜላ የሚያበራ ሮዝ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። በሦስተኛው ቀንም ያው ሮዝ ከሆነ ደግሞ አትጠራጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ፖሊስ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ብሉፊን ወደ ስፔን የሚያስገባ ትልቅ መረብ ሲበጥስ ዘመቻውን ምን ብሎ ሰየመው? ታራንቴሎ። ብልቱን ያወቀ ሰው ነው ስሙን ያወጣው።

በረዶ የሆነ ቱና ስለምትገዙም አንድ ቃል። ከመቶ ዘጠናዎቻችሁ የምታገኙት እሱን ነው፤ አይከፋም። ጃፓኖች ከዚያ ዳርቻ መግዛት ሲጀምሩ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ የማቀዝቀዝ ልማድ ይዘው መጡ፤ በዚያ ቅዝቃዜ ቀለሙ አይሞትም። እቤት ባለው የ18 ወይም የ20 ዲግሪ ፍሪዘር ግን ቀስ በቀስ ይጠቁራል፤ ስለዚህ አታከማቹ። ሲቀልጥ፦ በአንድ ሊትር 40 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 35 ግራም ጨው ሟሙቶ፣ ቁራጩ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ ተነክሮ፣ ወጥቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ። ጥሬውን ወይም ግማሽ ብስሉን የምታቀርቡ ከሆነ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ግዴታ ነው፤ አኒሳኪስ በሚባል ትል ምክንያት። የስፔን የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለቤት የሚመክረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለአምስት ቀን ነው። ፍሪዘራችሁ እዚያ መድረሱን በቴርሞሜትር አረጋግጡ፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ።

ሦስተኛው፤ ጨው።

ከባርባቴ ወደ ታሪፋ ስትሄዱ ባሕሩ ዳር ባኤሎ ክላውዲያ የምትባል የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተቆረቆረች ናት። እዚያ ዛሬም ቆመው የሚታዩ ክብና አራት ማዕዘን ገንዳዎች አሉ፤ ቱና በጨው ይዘፈዘፍባቸው የነበሩ። ሰው እዚያ የሰፈረው ዓሳውና ጨዉ ተጎራብተው ስለተገኙ ነው፤ የካዲዝ ሰላጤ ትልቅ የጨው ምድር ነው።

ሦስተኛ ጎረቤት አለ፤ ነፋስ። ከምሥራቅ የሚመጣው ሌቫንቴ ነው፣ ደረቅ። ከምዕራብ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ፖኒየንቴ ነው፣ እርጥብና ቀዝቃዛ። ጨው፣ ዓሳና ነፋስ ሲገናኙ የሚወለደው ሞሃማ ነው። ይኸው፣ እጄ ላይ ያለው፣ ይህ ጠቆር ያለ የጫማ ሶል የመሰለው። ስሙ እንደገና ዐረብኛ ነው፤ ከሰም ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ያየውን ሰው ሰም ያስታውሰዋል።

«ይሄማ ቋንጣ ነው» ስትሉ ሰማሁ። ዘመዱ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ። ቋንጣ በቀጭኑ ተዘልዝሎ ቶሎ መድረቅ አለበት። ሞሃማ በወፍራሙ ተቆርጦ ቶሎ መድረቅ የለበትም። ልዩነቱ ይህ ነው፣ የሚያበላሸውም ይህ ነው።

አሠራሩን ጻፉ። ከጀርባ ሽንጥ፣ ስብ የሌለበት። ስብ ያለው ሥጋ ሲደርቅ ይበላሻል፣ ያረጀ ዘይት ይሸታል፤ ስለዚህ ቬንትሬስካ ሞሃማ አይሆንም። ቁራጩ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ እንደ ሥጋው ክር አቅጣጫ። ጥቁር የደም ሥጋ ካለበት አውጡት፣ ይመርራል። ለ2 ኪሎ ሥጋ 2 ኪሎ ተኩል ደረቅ የባሕር ጨው፣ አዮዲን የሌለበት፤ ከታች አንጥፉ፣ ሥጋውን ደርድሩ፣ እንዳይነካካ፣ ከላይ ሸፍኑ፣ አንድ ኪሎ የሚያህል ክብደት ጫኑበት። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ፤ ወፍራሙ ጥቂት ሰዓት ይጨምራል። ሲወጣ በጣት ተጭናችሁ እዩት፤ እንደ አውራ ጣታችሁ ሥር ጡንቻ ከጠነከረ በቃው። ገና ለስላሳ ከሆነ መልሱት። ከዚያ እጠቡት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውኃውን አንዴ ለውጡ። ይህንን ካልዘፈዘፋችሁ ላዩ ጨው ብቻ ይሆናል።

አሁን ማድረቅ። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሙቀት፣ ጥላ፣ ቀስ ያለ አየር፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት። በማንጠልጠያ ክር ስቀሉት፣ በየአራት ቀኑ መዝኑት። ከመጀመሪያው ክብደቱ ወደ 40 በመቶ ሲቀንስ ደረሰ። ችኩል ሰው ምን ያደርጋል? ማሞቂያ ጎን ይሰቅለዋል፣ ወይም ቬንትሌተር ያስነሣበታል። ላዩ በሁለት ቀን ቅርፊት ሠርቶ ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ በአስረኛው ቀን ስትቆርጡት መሐሉ ለስላሳና ሽታው የተለወጠ ነው። ይጣላል። ቅርፊት መያዝ ከጀመረ ገና በጊዜው በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ከውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ላይ ይወጣና ይስተካከላል። የባርባቴ ሰው ሌቫንቴ ሲበረታ መስኮቱን የሚዘጋው፣ ሲደክም የሚከፍተው ለዚሁ ነው።

አቀራረቡ። እነሆ እቆርጣለሁ። ከክሩ ተቃራኒ፣ እንደ ወረቀት፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ። ብርሃን ላይ ያዙት፤ ባለ ቀለም የመስኮት መስተዋት ይመስላል፣ ቀይ ቡና። ሳህን ላይ ደርድሬ የወይራ ዘይት አፈስስበታለሁ፣ የተቆላ አልሞንድ ጎኑ አደርጋለሁ። አሁን አይበላም። ሩብ ሰዓት ዘይቱን ይጠጣ። እዚያ ጫፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እስከዚያ ስለ ሽንኩርት እናውራ።

አቱን ኤንሴቦያዶ። ሽንኩርት የለበሰ ቱና። የከተማዋ የየቤቱ ምግብ ይህ ነው። ስድስት ሰው ለማብላት፦ የጅራት ወይም የጀርባ ቱና 1 ኪሎ። ሽንኩርት 1 ኪሎ ከ200 ግራም፤ አዎ፣ ከዓሳው ይበልጣል። ነጭ ሽንኩርት ስድስት ፍንካች። የወይራ ዘይት 120 ሚሊ ሊትር። ሁለት የቤይ ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ ስምንት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፒሜንቶን፣ ማለትም የማያቃጥል የስፔን ቀይ በርበሬ ዱቄት። 150 ሚሊ ሊትር ፊኖ፣ የሄሬዝ ደረቅ ወይን ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ።

ወይን የማትጠቀሙ ወገኖች፣ በወይኑ ልክ ውኃ አድርጉና ኮምጣጤውን ወደ ሦስት ማንኪያ ከፍ አድርጉት። ይሠራል።

ሽንኩርቱ በረጅሙ በቀጭኑ ይቆረጣል እንጂ አይከተፍም። ቁሌት ለምዳችሁ እንዳታደቁት፤ እዚህ ሽንኩርቱ ሟሙቶ መጥፋት የለበትም፣ መታየት አለበት። ደግሞ እኛ ሽንኩርቱን በደረቁ አብስለን ዘይት በኋላ እናገባለን፤ እዚህ ዘይቱ ከመጀመሪያው አለ። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ አንድ ቁንጥጫ ጨው፣ ቅጠሉ፣ ቁንዶ በርበሬው። እሳቱ ዝቅተኛ። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ክዳኑ ይከደን፣ ውኃውን ያውጣ፤ ከዚያ ይከፈት። ቀለሙ ወርቅ ሲሆን ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል። ጥቁር ነጥብ ካያችሁ እሳታችሁ በዝቷል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጣል አድርጉና ዝቅ አድርጉት።

አሁን በርበሬው። አደራ። እኛ በርበሬን ዘይት ውስጥ ብዙ ደቂቃ እናሸዋለን፣ ካልታሸ ጥሬ ይላል። ፒሜንቶን የእኛ በርበሬ አይደለም። በጋለ ዘይት ውስጥ ከ15 ሰከንድ በላይ አይታገሥም፤ ስኳር አለውና ያርራል፣ ወጡ በሙሉ ይመርራል፣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ድስቱን ከእሳት አውጡት፣ ፒሜንቶኑን ነስንሱ፣ አንዴ አዙሩ፣ ወይኑንና ኮምጣጤውን ወዲያው ገልብጡበት። ከዚያ ወደ እሳቱ ይመለስ፣ አልኮሉ ለአምስት ደቂቃ ይትነን፣ ኦሬጋኖው ይግባ፣ አንድ የቡና ስኒ ውኃ ይጨመር።

ቱናው እስካሁን የት ነው? ፍሪጅ ውስጥ። 4 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ ተቆርጦ፣ በሊትር 30 ግራም ጨው ባለበት ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ተዘፍዝፎ፣ ደሙን ለቅቆ፣ በወረቀት ደርቆ። አሁን ይገባል። ሽንኩርቱ ሥር ቅበሩት፣ አንድ ጊዜ ፍላት ይያዘው፣ ሦስት ደቂቃ፣ ክዳን፣ እሳቱ ይጥፋ። አሥር ደቂቃ ሳትከፍቱ። በራሱ ሙቀት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚስተው። ወጥ መሠራት ያለበት ረጅም ጊዜ ነው ብለን ስላደግን ቱናውን ከሽንኩርቱ ጋር ሃያ ደቂቃ እናንተከትከዋለን። ስብ የሌለው ሥጋ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ውኃውን ይተፋል፤ ነጭ አረፋ መሳይ ነገር በላዩ ሲወጣ ካያችሁ ያ ከውኃው ጋር የወጣ ፕሮቲን ነው፣ ሥጋው ከእንግዲህ ገለባ ነው። ጊዜ የሚፈልገው ሽንኩርቱ ነው። ዓሳው እንግዳ ነው፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ግማሽ ብስል እንዳልኳችሁ ስለሚቀር ደግሞ ቀድሞ በቀዘቀዘ ዓሳ ሥሩት።

ሲያድር ይበልጥ ይጣፍጣል። ለማግስቱ ከሆነ ሽንኩርቱን ዛሬ ሥሩ፣ ዓሳውን ነገ። ከዳቦ ጋር ነው የሚበላው፣ መረቁ እየተጠቀሰ፤ እንጀራ ጋ ግን ኮምጣጤውና እርሾው ይጣላሉ፣ በእኔ ግምት አይሄድም። የምትስማሙ አይመስለኝም፤ ሞክሩት።

የመጨረሻውን በፍጥነት፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። የካዲዝ ዳርቻ ሁሉ የሚሠራው የትንንሽ ሽሪምፕ ቂጣ፤ ቶርቲዪታ ደ ካማሮኔስ። 125 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 125 ግራም የሽምብራ ዱቄት። የሽምብራ ዱቄት ያልኩት ጥሬውን ነው፤ ሽሮ አይደለም፣ ቅመም የገባበት የተቆላ ዱቄት ያጠቁረዋል። 450 ሚሊ ሊትር በረዶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ 200 ግራም ከነቅርፊቱ የሚበላ ጥቃቅን ሽሪምፕ፣ ጥቂት የሽንኩርት ቅጠል፣ ፐርሰሜሎ፣ ጨው። ሊጡ የሚፈስስ፣ ከእንጀራ ሊጥ የቀጠነ። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ። ዘይቱ 190 ዲግሪ፣ ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር። አንድ ማንኪያ አፍስሳችሁ በማንኪያው ጀርባ ወዲያው ዘርጉት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ እስኪል፣ እንደ ዳንቴል። ወፍራም ከሆነ ሊጡ ወፍሯል፣ ውኃ ጨምሩ። ዘይት ከጠጣ ዘይታችሁ ቀዝቅዟል፣ ወይም አምስት ስድስቱን በአንዴ ጨምራችኋል። ሁለት ሁለት ብቻ።

ዘይቱ ግሏል፣ ሊጡም ቀዝቅዟል፤ ማንኪያ የምትይዙ ሁለት ሰዎች ወደዚህ ብቅ በሉ። ሞሃማውም ሩብ ሰዓቱን ጨርሷል፣ ዘይቱን ጠጥቶ ጠርዙ ለስልሷል። አልሞንዱን ግን ልጆቹ ቀድመዋችኋል።